የእድር መቀጫ አምስት እጥፍ ጨመርን፤ የቀብር ቀሪ ግን ባሰበት

የደብተር ሰው (ጥያቄውን ያነሳው)

ሰላም ለቤቱ። አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ ሰፈር እድር ጸሐፊ ነኝ። ስም ጥሪውንም የቀሪ መዝገቡንም የምይዘው እኔ ስለሆንኩ የምነግራችሁ ከደብተር ላይ ነው።

ቀብር ያልተገኘ አባል 20 ብር ይቀጣ ነበር። ቀባሪው እየሳሳ መጣ ተባለና አምና ጠቅላላ ጉባኤው መቀጫውን 100 ብር አደረሰው። ቅጣቱ ሲከብድ ሰው ይመጣል ነው ነገሩ። መጀመሪያ ላይ ትንሽ መሻሻል ታየ፤ ከዚያ ቀሪው ከበፊቱም በለጠ።

እኔን የገረመኝ ከቁጥሩ ይልቅ የሰዉ አኳኋን ነው። ድሮ የቀረ ሰው ይሸሸኝ ነበር። መንገድ ላይ ከተገጣጠምን «አሞኝ ነው»፣ «ክፍለ ሀገር ወጥቼ ነው» ይላል። ማታ ለቅሶ ቤት ብቅ ብሎ ሐዘንተኛውን ይቅርታ ይጠይቃል፤ አንዳንዱ እስከ ሰልስት ድንኳን ውስጥ ያመሻል። አሁን ግን ጡሩምባ ነፊው ሰፈሩን ዞሮ ሳይጨርስ ስልኬ ይጮኻል። በቴሌብር 100 ብር ገብቷል፤ «የዛሬው ቀብር» ይላል። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው፣ ቀብሩ ደግሞ 9 ሰዓት! አንድ ነጋዴ አባላችንማ «እስከ ፋሲካ ያለውን ጠቅልዬ ልክፈልህ?» አለኝ። የቀለደ መስሎኝ ሳቅሁ፤ ለካ የምሩን ነው።

ኮሚቴው አሁን 300 ብር እናድርገው ወደማለቱ ነው። ኢኮኖሚክስ የተማራችሁ ካላችሁ፣ አንድ ነገር ሲወደድ ፈላጊው ይቀንሳል ይባል የለም እንዴ? መቅረት ተወደደ፤ ቀሪው ግን በዛ። እንዴት ታዩታላችሁ?

---

ሐይፋ ላይ

ጸሐፊው፣ ይህ የምትለው እኔ በምኖርበት ከተማ በጥናት የታየ ነገር ነው። ኡሪ ግኒዚና አልዶ ሩስቲኪኒ የሚባሉ ሁለት ኢኮኖሚስቶች እዚህ ሐይፋ፣ እስራኤል ውስጥ 10 የሕፃናት መዋያዎችን ተከታተሉ። ወላጆች ልጆቻቸውን በሰዓቱ ስለማይወስዱ ሞግዚቶቹ እየጠበቁ ያመሻሉ። መጀመሪያ ለ4 ሳምንት ምንም ሳይነኩ ስንት ሰው እንደሚያረፍድ ብቻ ቆጠሩ። ከዚያ በ6ቱ መዋያዎች ከ10 ደቂቃ በላይ ያረፈደ በልጅ 10 ሰቅል እንዲቀጣ ሆነ፤ አራቱ እንደነበሩ ቀሩ።

ቅጣት በመጣባቸው መዋያዎች አርፋጁ እያደገ ሄዶ ወደ እጥፍ ተጠጋ። በአራቱ ምንም የተለወጠ ነገር አልነበረም።

ሰዎቹ እ.ኤ.አ. በ2000 ሲያሳትሙት የሰጡት ማብራሪያ ከአንተ ነጋዴ ጋር አንድ ነው። ከቅጣቱ በፊት ወላጁ «ይህቺ ሴትዮ በኔ ምክንያት ቤቷ ሳትገባ ነው» ብሎ ይሳቀቃል። ቅጣቱ ሲመጣ ግን ማርፈድ ዋጋ የተለጠፈበት አገልግሎት ሆነ። በ10 ሰቅል ደግሞ ማን ልጅ ይጠብቅልሃል? ርካሽ ነው።

ሁለተኛም አለው። ወላጁ ቀድሞ ቢያረፍድ ምን እንደሚመጣበት አያውቅም ነበር፤ ይቆጡታል? ልጁን ያስወጡበታል? ቅጣቱ መልሱን ነገረው፦ ከ10 ሰቅል የባሰ አይመጣም። የእናንተም አባላት ድሮ «ነገ ለኔ ማን ይመጣል» ብለው ይፈሩ ነበር። አሁን የፍርሃቱ ልክ 100 ብር መሆኑን በደብዳቤ ነገራችኋቸው።

በጣም የሚያሳስበኝ መጨረሻው ነው። በ17ኛው ሳምንት ቅጣቱን አነሱት፤ አርፋጁ ግን ወደ ድሮው አልተመለሰም። ስለዚህ «እንተወው» ማለትም ቀላል መውጫ እንዳይመስላችሁ።

---

ቀዮ የጨርቆስ

«እስከ ፋሲካ ጠቅልዬ»!! ለመሆኑ ቅናሽ አልጠየቀህም?

---

ሒሳብ በደንብ

የሐይፋውን ጥናት አውቀዋለሁ፣ እወደዋለሁም፤ ግን ሰው ሁሉ ለሁሉም በሽታ እያዘዘው አስቸግሯል። አንድ ጥያቄ ልጠይቅ፦ 20 ብሩ መቼ ነበር የተወሰነው?

---

የደብተር ሰው

በ2005 ዓ.ም. ይመስለኛል። ቃለ ጉባኤው ላይ አለ።

---

ሒሳብ በደንብ

ጥሩ። በ2005 በ20 ብር ሽሮ በልተህ ትወጣ ነበር። ዛሬ 100 ብር ያንኑ ሽሮ ቢያበላህ ነው። በ2014 ብቻ እንኳ የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር፤ በሐምሌ 2016 ደግሞ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፤ የሆነውን ሁላችንም አይተናል። ስለዚህ እናንተ መቀጫ አልጨመራችሁም። ተሸርሽሮ ያለቀውን ወደ ነበረበት መለሳችሁት፣ ያውም ከመለሳችሁት።

ጋሪ ቤከር የሚባለው ኢኮኖሚስት (እ.ኤ.አ. በ1992 ኖቤል የተሸለመው) ገና በ1965 የጻፈው ነገር አለ። አንድ ነገር ሲደረግ የሚወጣው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የሚፈጀው ጊዜም ዋጋ አለው፤ የጊዜው ዋጋ ደግሞ ያ ሰው በዚያ ሰዓት ሊያገኘው ይችል የነበረው ነው። ቀብር ማለት ግማሽ ቀን ነው። ባለ ሱቁ ከ6 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ቢዘጋ ስንት ያጣል? ባለ ታክሲውስ? ከ100 ብር በብዙ ይበልጣል። በ20ም በ100ም መቅረቱ ያዋጣዋል። መቀጫው ባይጨመርም ይቀር ነበር።

ደግሞ ሌላው። ሐይፋ ላይ ቅጣት ያልገባባቸው አራት መዋያዎች ነበሩ፤ ከእነሱ ጋር ነው የተነጻጸረው። የእናንተ እድር ማነጻጸሪያ የለውም። በዚያው ዓመት ሌላ ምን ተለወጠ? አባላቱ አሁንም እዚያው ሰፈር ናቸው?

---

የደብተር ሰው

አይደሉም። ይህን መጻፍ ነበረብኝ። ሰፈራችን በከፊል ፈርሷል፤ ብዙው ሰው ኮንዶሚኒየም ገብቷል፤ ጀሞም የካ አባዶም ኮዬ ፈጬም የሄደ አለ። ከእድሩ ግን አልወጡም። ወርሃዊውን በየወሩ ይልካሉ።

ቢሆንም ጋሼ ሒሳብ፣ የጊዜ ዋጋ ያልከው አንድ ነገር አይመልስልኝም። ነጋዴው ድሮም ሱቅ ነበረው፣ ድሮም ይቀር ነበር። ያኔ ግን ማታ ለቅሶ ቤት ይመጣል። ማታ ሱቁ ዝግ ነው፤ የሚያጣው ገቢ የለም። አሁን ማታም አይመጣም፤ «ከፍያለሁ እኮ» ነው የሚለው።

---

ሐይፋ ላይ

ይኸው! ይህን ሽሮ አያስረዳውም 😀

---

ኮዬ ያለሁ

ከተከሰሱት ወገን ነኝና ልናገር። እኔም እንዲሁ የድሮ ሰፈሬ እድር አባል ነኝ፤ የምኖረው ኮዬ ፈጬ ነው። ቀብር ለመድረስ ጠዋት ከቤት እወጣለሁ፤ ሰልፍ፣ አውቶብስ፣ ታክሲ፣ ከዚያ ለቅሶ ቤት፣ ከዚያ ቤተ ክርስቲያን። ስመለስ መሽቷል። መሥሪያ ቤቴ ለዘመድ ቀብር እንጂ ለእድር ፈቃድ አይሰጥም፤ ከዓመት ዕረፍቴ ነው የሚቆረጠው።

እና መቀጫውን እከፍላለሁ፤ ቅር ብሎኝም አያውቅም። ታዲያ ለምን አልወጣም? አዲሱ ብሎካችን ላይ እድር አለ፤ ለመግባት ግን የድንኳኑን፣ የወንበሩን፣ የብረት ድስቱን ድርሻ ጠቅልለህ ክፈል ይሉሃል። ትክክል ናቸው፤ ያለዚያማ ሰው ሁሉ ወላጁ ሲታመም እየሮጠ ይመዘገብ ነበር። ግን ዋናው እሱ አይደለም። አዲሱ ብሎክ ላይ ከጎረቤት ጋር ሊፍት ስለሌለ ደረጃ ላይ ነው የምንተዋወቀው፣ እያለከለክን። እናቴን የሚያውቋት የድሮዎቹ ናቸው። ያኔ እነሱ እንዲመጡልኝ ነው የምከፍለው።

ጸሐፊው፣ 300 ብታደርጉትም እኔ ከኮዬ አልመጣም። 300 እከፍላለሁ፣ እናንተንም እቀየማለሁ።

---

ሒሳብ በደንብ

አመሰግናለሁ። እኔ አንድ ገጽ የፈጀሁበትን በአንድ አንቀጽ ጨረስከው።

---

ጉልበቴ ነው

ይቅርታ፣ እናንተ ስለ ነጋዴና ስለ ኮንዶሚኒየም ታወራላችሁ። እኔ የቀን ሠራተኛ ነኝ። ቀብር ከሄድኩ የዚያ ቀን ሥራ የለም፣ እራትም የለም። ከቀረሁ መቀጫ አለ። 100 ብር ለነጋዴው የቡና ነው፤ ለኔ ግን የልጆቼ ዳቦ ነው። እኔ ሁልጊዜ እሄዳለሁ፤ እሱ ሁልጊዜ ይከፍላል። አስከሬን የሚሸከመው ማን እንደሆነ አስቡት።

ፊንላንድ ውስጥ መኪና በፍጥነት የነዳ ሰው የሚቀጣው እንደ ገቢው ነው ሲባል ሰምቼ ገርሞኛል። ባለጸጋው በአስር ሺዎች ዩሮ የሚቀጣበት ጊዜ አለ አሉ። እኛ ጋ እሱን የሚያነሳ ኮሚቴ ይገኛል?

---

የሕግ ልጅ

የፊንላንዱ እውነት ነው። ግን እድር ውስጥ የሰውን ገቢ ማን ይመዝናል? ጠብ ነው የምትጠራው። ጥያቄው ግን ትክክል ነው። አንድ መጠን ያለው መቀጫ ለአንዱ ቅጣት ሲሆን ለሌላው ሒሳብ ነው።

ሮበርት ኩተር የተባለ የሕግና የኢኮኖሚክስ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1984 የጻፈው እዚህ ይጠቅማል። ዋጋ ማለት የተፈቀደን ነገር ለማድረግ የሚከፈል ነው፤ ቅጣት ማለት የተከለከለን ነገር ስላደረግህ የሚደርስብህ ነው። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱም ብር ናቸው። የሚለዩት በአሠራር ነው። ቅጣት ሲደጋገም ይከብዳል፣ ሆን ብለህ ካደረግኸው ይከብዳል። ዋጋ ግን አሥረኛውም እንደ መጀመሪያው ነው።

ጸሐፊው፣ ደንባችሁ ላይ ደጋግሞ የቀረ ይሰረዛል የሚል የለም?

---

የደብተር ሰው

አለ። በተከታታይ ሦስት ጊዜ የቀረ ኮሚቴ ፊት ይጠራል፣ ካልታረመ ይሰረዛል ይላል። ግን መቀጫውን ለከፈለ ሰው ቀሪውን እንሰርዝለታለን። በቀይ እስክሪብቶ «ተከፍሏል» እጽፍበታለሁ። ስለዚህ ሦስት የሞላበት ሰው የለም።

---

የሕግ ልጅ

እሱ ነው እንግዲህ። 20ውም 100ውም ችግር አልነበረም፤ ቀዩ እስክሪብቶ ነው። ሰውየው የገዛው የአንድ ቀን ፈቃድ ብቻ አይደለም፤ ያልቀረ ሰው መዝገብ ነው የገዛው። በ100 ብር ንጹሕ ትሆናለህ ካላችሁት፣ ማታ ለቅሶ ቤት ሄዶ ይቅርታ የሚጠይቅበት ምክንያት ምንድነው?

---

እማማ ንፍሮ

ልጆቼ፣ ብዙ አወራችሁ። እኔ የሴቶች እድር ውስጥ ነኝ። እኛ በገንዘብ አንቀጣም። ተረኛ አለን። ለቅሶ ሲወድቅ ተረኞቹ ንፍሮ ይቀቅላሉ፣ ውሃ ይቀዳሉ፣ ሳህን ያጥባሉ። ተራዋ ደርሶ የቀረች በሚቀጥለው ለቅሶ ትልቁ ብረት ድስት የእሷ ነው፤ ያንን ጥቀርሻ የጠጣውን። ግቢው መሀል ቁጭ ብላ በአመድ ስትፈትግ ሁሉም ያያታል፣ ሁሉም ያሾፍባታል፣ ቡናም ይቀዳላታል። አልቆ ሲታጠብ ነገሩም አብሮ ያልቃል። ቂም የለም።

አንዷ ባለ ሀብት ገንዘብ ላከች፤ መለስንላት። ሌላ ጊዜ ሠራተኛዋን ላከች። ልጅቷን ምሳ አብልተን፣ አመስግነን ሸኘናት፤ ድስቱን ግን ጥግ ላይ አስቀመጥነው። በሳምንቱ ሴትዮዋ ራሷ መጣች። ሹራቧን አውልቃ ቁጭ አለች። አሁን ከሁላችን ቀድማ የምትገኘው እሷ ናት።

---

ሐይፋ ላይ

እማማ፣ እጅ ነስቻለሁ። ድስቱ በብር የማይተካ ስለሆነ ነው የሠራው። ሀብታሟም ድሃዋም እኩል እጅ ነው ያላቸው፤ የጉልበቴ ነው ጥያቄ እዚህ ተመለሰ።

---

ሒሳብ በደንብ

እኔ አሁንም አልተዋጠልኝም። ገንዘብ ሲገባ ይሉኝታ ይወጣል የሚለው ሁልጊዜ አይሠራም። አየርላንድ እ.ኤ.አ. በ2002 በፕላስቲክ ከረጢት ላይ 15 የዩሮ ሳንቲም ጣለች፤ አጠቃቀሙ ከ90 በመቶ በላይ ወረደ። 15 ሳንቲም ማንንም አያደኸይም። በሐይፋው ሒሳብ ከሄድን ሰው «ከፍያለሁ» ብሎ ከረጢት መዛቅ ነበረበት።

---

ሐይፋ ላይ

ለከረጢቱ ቀድሞ የምትሳቀቅለት ሰው አልነበረማ። ባለ ሱቁ ዝም ብሎ ይሰጥህ ነበር፣ ውለታ የለበትም። ስለዚህ ክፍያው የሚያስወጣው ይሉኝታ አልነበረም፤ እንዲያውም አዲስ አመጣ። ካሸሩ «ከረጢት ይፈልጋሉ?» ብሎ ሰው ፊት ሲጠይቅህ ታፍራለህ። መዋያው ጋና እድሩ ጋ ግን ይሉኝታው ቀድሞ ሙሉ ነበር።

እነዚሁ ሁለት ሰዎች ሌላም ሞክረዋል። ተማሪዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ለበጎ አድራጎት ገንዘብ እንዲሰበስቡ ተደረገ። ምንም ያልተከፈላቸው ብዙ ሰበሰቡ፤ ከሰበሰቡት 1 በመቶ ያህል የተከፈላቸው ከሁሉም ያነሰ ሰበሰቡ፤ 10 በመቶ የተሰጣቸው ከ1 በመቶዎቹ ቢሻሉም በነፃ የዞሩትን አልደረሱባቸውም። ወይ በደንብ ክፈል ወይ ጭራሽ አትክፈል ነው። የእናንተ 100 ብር መሀል ላይ ነው የወደቀው፤ ለማሳፈር ገንዘብ ሆኖባችኋል፣ ለማስፈራራት ደግሞ አንሷችኋል።

---

ዝም ባይ

ሁላችሁም ሰው ቀብር ላይ መገኘቱን እንደ ግብ ይዛችሁታል። እኛ ሰፈር ስም የሚጠራው መቃብር ቦታ፣ አፈር ከመልበሱ በፊት ነው። «አለሁ» ይልና ሹልክ። ጥሪው አልቆ ዞር ስትል ቄሱና ቤተሰቡ፣ ከዚያ ጥቂት ሽማግሌዎች ይቀራሉ። መዝገቡ ላይ ግን ቀሪ የለም። አባቴን የቀበርን ቀን ከጥሪው በኋላ የቆዩትን ዛሬም ድረስ በስም አውቃቸዋለሁ። ለጥሪው ብለው የመጡትን አንዱንም አላስታውስም።

መቀጫው በከበደ ቁጥር «አለሁ» ባዩ ይበዛ ይሆናል። ሐዘንተኛው ግን ማን ለእሱ እንደመጣ፣ ማን ለደብተሩ እንደመጣ መለየት ያቅተዋል።

---

ሲልቨር ስፕሪንግ

ከዋሽንግተን አጠገብ ነኝ። እኛ ጋ በዕድር ደንብ ቀብር የቀረ አይቀጣም። ማን ከሥራ ይፈቀድለታል? እድሩ የሚሰበስበው ለአስከሬን ወጪ ነው፤ ወደ አገር ቤት መላክ ካለ ደግሞ ብዙ ብር ነው። ሐዘን ቤት መድረሱ ግን ለሰው ተትቷል። ማታ ማታና ቅዳሜ እሑድ ቤቱ ይሞላል፤ ምግቡ መቀመጫ ያጣል።

እድር ሁለት ነገር ነው ለካ። አንደኛው መድን ነው፤ እነ ስቴፋን ደርኮንና አሉላ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ2006 በኢትዮጵያና በታንዛኒያ እድሮች ላይ ባወጡት ጥናት ያዩትም ይህን ነው፦ የተጻፈ ደንብ፣ የአባላት መዝገብ፣ ቋሚ መዋጮ፣ የታወቀ ክፍያ። ሁለተኛው ሰው መሆን ነው። የመጀመሪያው ላይ መቀጫ ይሠራል፤ መዋጮ ያሳለፈ ይቀጣ፣ ልክ ነው። ሁለተኛውን ለይታችሁ አውጡት ባይ ነኝ።

---

ኮዬ ያለሁ

ሁለቱ እዚህ አዲስ አበባ ላይ ሙሉ በሙሉ ከተለያዩ አስከሬን ማን ይሸከማል? እናንተ የቀብር ድርጅት አላችሁ። እኛ ጋ ድንኳን ተካይ በገንዘብ እየተቀጠረ ነው፤ ተሸካሚም ወደዚያው እንዳይሄድ እፈራለሁ።

---

የደብተር ሰው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ይህን ይዤ ነው ጉባኤ የምገባው፦

መቀጫው 100 ብር እንዳለ ይቆይ፣ 300 አይሁን። መክፈል ግን ቀሪን አይሰርዝም፤ ቀዩ እስክሪብቶ ይቁም። ሦስት የሞላበት፣ የከፈለም ቢሆን፣ ኮሚቴ ፊት ይቅረብ። ከቀብር በፊት የሚላክ መቀጫ ተመላሽ ይደረግ። ሩቅ ሰፈር የሚኖር ወይም የቀን ሥራ ያለው በሰልስት ውስጥ አንድ ማታ ለቅሶ ቤት ከደረሰ እንደተገኘ ይቆጠርለት፤ ስሙን የሚመዘግበው ግን እኔ ሳልሆን የሐዘንተኛው ቤተሰብ ይሁን። ደጋግሞ የቀረ ደግሞ የድንኳን ተረኛ ይሁን፣ ራሱ፣ ያለ ተወካይ። ይሄኛው ከእማማ የተወሰደ ነው። የሚያልፍ አይመስለኝም፤ ወንዶቹን ድስት ፈትጉ ብላቸው ኖሮስ?

---

ሒሳብ በደንብ

ይለፍም አይለፍ፣ ቀሪውን ለሁለት ከፍለህ ቁጠር። እዚያው ሰፈር ያሉት ለብቻ፣ የሄዱት ለብቻ። አዲሱ ደንብ ሰፈር ያሉትን ከመለሰ ሐይፋዎቹ ልክ ናቸው። ለውጥ የመጣው ማታ መምጣት ስለተፈቀደ የሩቆቹ ላይ ብቻ ከሆነ ጉዳዩ የጊዜ ዋጋ ነው፣ የኔ ነው። ሁሉን በአንድ ላይ ከደመርከው ግን ከዓመት በኋላ እዚሁ መጥተን እንጨቃጨቃለን።

---

የደብተር ሰው

ይሁን። ችግሩ መዝገቡ ላይ ያለው አድራሻ የድሮው የቤት ቁጥር ነው፤ ብዙዎቹ ቤቶች አሁን የሉም። በዚህ ወር መዋጮ ሲልኩልኝ መልሼ እየደወልኩ የት እንዳሉ እጽፋለሁ።